እምቢ ያሉትን ሰዎች ቅዱሳን አናድርጋቸው

በተማሪው መካከል እየተነሣ ሳይቋጭ የሚቀር አንድ ክርክር አለ። ይኸውም «ደራሲ በእውነት የነበሩ፣ በእውነት የታሰሩና በእውነት የተገደሉ ሰዎችን ታሪክ ወስዶ ልብ ወለድ ሊያደርገው ይገባልን?» የሚል ነው። አንዱ ወገን፣ በሰማዕታት ደም ወግ ማሳመር ነውር ነው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ፣ ደራሲ ነፃ ሰው ነው፤ የፈለገውን ወስዶ የፈለገውን ይፍጠር ብሎ ይመልሳል። እኛ ከሁለቱም ጋራ አንቆምም። ደራሲ ታሪኩን መለወጡ ብቻውን ጥፋት አይደለም ብለን እናምናለን። ጥፋቱ የሚጀምረው፣ አምባገነንን እምቢ ያሉትን ሰዎች ፍርሃት የማያውቁ፣ ስሕተት የሌለባቸው፣ ከእኛ የተለየ ሥጋ የለበሱ አድርጎ ሲያቀርባቸው ነው። እንዲህ የሚያደርግ ደራሲ፣ ልቡ ምንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ሳያውቀው አምባገነኑን ይረዳል እንላለን። ይህ የድፍረት ቃል እንዳይመስልብን በምሳሌ እናስረዳ።

የመጀመሪያውን ምሳሌ የምንወስደው ከጀርመን አገር ነው። ዓመቶቹም «ዓ. ም.» ብለን ካልጻፍን በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

በበርሊን ከተማ፣ ቬዲንግ በሚባለው የሠራተኞች ሰፈር፣ ኦቶ ሐምፐልና ኤሊዘ ሐምፐል የሚባሉ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። ባልየው የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ሚስቲቱ ትምህርቷ ከአንደኛ ደረጃ ያላለፈ፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የሠራች ሴት ናት። ሁለቱም የፖለቲካ ሰዎች አልነበሩም፤ ከምስጢር ማኅበርም አልገቡም። እንዲያውም ኤሊዘ በናዚ ፓርቲ የሴቶች ማኅበር ውስጥ አባል ነበረች። በ1940 የኤሊዘ ወንድም በፈረንሳይ ጦር ሜዳ ወደቀ። ሁለቱን ያነቃቸው ይህ ሞት ነው። ከዚያ በኋላ ቤታቸው ተቀምጠው በፖስታ ካርድ ላይ በእጃቸው እየጻፉ፣ ሕዝቡ በሂትለር እንዳያምን፣ ለጦርነቱ እንዳይተባበር፣ መንግሥት ለሚጠይቀውም መዋጮ እንዳይሰጥ መምከር ጀመሩ። ካርዶቹን በየሕንፃው ደረጃና በየፖስታ ሣጥኑ እያኖሩ ዘወር ይሉ ነበር።

ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ሲያደርጉ ኖሩ፤ ካርዶቹም ከ200 በላይ ሆኑ። ዳሩ ግን ካርዶቹን ያገኙት ሰዎች እየፈሩ አብዛኞቹን ወስደው ለፖሊስ አስረከቡ። በኦክቶበር 1942 ባልና ሚስቱ ተጠቁመው ተያዙ። በጃንዩወሪ 1943 «የሕዝብ ፍርድ ቤት» ይባል ከነበረው የናዚ ችሎት ፊት ቀርበው ሞት ተፈረደባቸው። ኤፕሪል 8 ቀን 1943 ፕሌትዘንዜ በሚባለው ወኅኒ ቤት አንገታቸው ተቆረጠ።

ይህን ጋዜጣ የያዘ ተማሪ የነገሩን ክብደት ለመገመት ሩቅ መሄድ የለበትም። ይህ ጽሑፍ በስቴንስል ተመትቶ በማባዣ መኪና ስለ ተባዛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብዙ ቅጂ ወጥቶለታል። ሐምፐሎች ማባዣ መኪና አልነበራቸውም። አንዲቱን ካርድ ጽፎ የጨረሰ እጅ ሁለተኛይቱን ከመጀመሪያው ፊደል ደግሞ ይጀምራል። አንድ ካርድ ማለት አንድ ደረጃ መውጣት፣ አንድ ደረጃ መውረድ፣ አንድ ጊዜም ለመያዝ መዳረግ ማለት ነው። በአገራችን «ወረቀት መበተን» የሚለው ቃል ምን ያህል እናቶችን እንዳስለቀሰ ከታላላቆቻችን የሰማ ሁሉ ይህን ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

እንግዲህ ወደ ደራሲው እንምጣ። በ1945 ጦርነቱ ሲያልቅ የእነዚህን ሰዎች ሥራ አጠራቅሞ የያዘው የጌስታፖ፣ ማለት የናዚው የምስጢር ፖሊስ መዝገብ ነበር። ታሪካቸውን ያቆዩላቸው ገዳዮቻቸው ናቸው ማለት ነው። ገጣሚው ዮሐንስ በኸር ይህን መዝገብ ሐንስ ፋላዳ ለሚባለው ደራሲ ሰጠው። የፋላዳ የትውልድ ስም ሩዶልፍ ዲትሰን ነው። በናዚ ዘመን ከአገሩ አልተሰደደም፤ ጀግናም አልነበረም። በ1938 ባሳተመው «ብረቱ ጉስታፍ» በተባለው መጽሐፉ፣ የፕሮፓጋንዳው ሚኒስትር ጎብልስ በጠየቀው መሠረት ታሪኩን እስከ ናዚዎች መነሣት ድረስ አስረዝሞ መጨረሻውን ለውጧል። እንግዲህ እምቢ ያሉትን ሰዎች ታሪክ እንዲጽፍ መዝገቡ የተሰጠው፣ እምቢ ማለት ላልሆነለት ሰው ነበር። ይህን ስንል ለማዋረድ አይደለም። ምናልባት የፍርሃትን ጣዕም የሚያውቅ ብዕር ያስፈልግ ኖሮ ይሆናል።

ፋላዳ በ1945 መጨረሻ ስለ መዝገቡ አንድ መጣጥፍ አወጣ። በሚከተለው ዓመት መጸው ላይ ልብ ወለዱን በአራት ሳምንት ገደማ ጽፎ ጨረሰው። በፌብሩወሪ 1947 ሞተ፤ መጽሐፉም በዚያው ዓመት ከሞተ በኋላ ታተመ። ርእሱ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «እያንዳንዱ ለብቻው ይሞታል» እንደ ማለት ነው። ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በዓለም የታወቀው ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2009 ነው።

ታዲያ ፋላዳ ምን ለወጠ? አንደኛ፣ ስማቸውን ለውጦ ኦቶ ክቫንገልና አና ክቫንገል አላቸው። ሁለተኛ፣ የሞተውን ወንድም ልጅ አደረገው፤ ያውም አንድ ልጅ። ሦስተኛ፣ ኦቶን በእንጨት ሥራ ፋብሪካ ውስጥ አለቃ አደረገው፤ ጦርነቱ እየገፋ ሲሄድም ፋብሪካው የቤት ዕቃ ትቶ የሬሳ ሣጥን ወደ መሥራት ይዞራል። አራተኛ፣ ባልና ሚስቱ በሚኖሩበት ሕንፃ ውስጥ አንድ የናዚ ቤተሰብ፣ አንዲት ባሏ የተወሰደባት አይሁዳዊት አሮጊት፣ አንድ ጡረታ የወጣ ዳኛና አንድ ለጥቅም የሚጠቁም ሰው አኖረ። አምስተኛ፣ ካርዶቹን የሚያሳድደውን ኤሸሪኽ የሚባለውን የጌስታፖ መርማሪ ፈጠረ። ይህ መርማሪ ካርድ በተገኘበት ቦታ ሁሉ በካርታው ላይ ትንሽ ባንዲራ እየተከለ ይጠብቃል። በመጨረሻ ኦቶን ይዞ ካስረከበ በኋላ ግን ራሱን ይገድላል። ካርዶቹን ሁሉ አንብቦ ልቡ የተለወጠ እሱ ብቻ ሆነና!

ከዚህ ሁሉ ለውጥ አንዱንም አንቃወምም። እንዲያውም ልብ ወለድ የተፈጠረው ለዚህ ነው እንላለን። የፖሊስ መዝገብ የሚያውቀው ካርዱን፣ ቀኑንና የተገኘበትን ቦታ ነው። የመጀመሪያይቱ ካርድ በተጻፈች ቀን ሚስት ባሏን በምን ዓይን እንዳየችው መዝገቡ አይጽፍም። የጎረቤት እግር በደረጃው ላይ ሲሰማ ልብ እንዴት እንደሚመታ አይጽፍም። ልክ ነው፤ በእውነቱ የሞተው ወንድም እንጂ ልጅ አልነበረም። ነገር ግን ፋላዳ ወንድሙን ልጅ ሲያደርገው ሐዘኑን አልፈለሰፈውም፤ ሁሉም አንባቢ እንዲሸከመው አቀረበለት። ደግሞም አላታለለም። በመጽሐፉ መግቢያ ላይ፣ ታሪኩ በጠቅላላው የጌስታፖን መዝገብ እንደሚከተል፣ ሆኖም ልብ ወለድ የራሱ ሕግ እንዳለው፣ የባልና ሚስቱንም የግል ኑሮ እሱ እንደ ታየው እንደጻፈ በግልጽ ተናግሯል። አንባቢ ምን እንደያዘ ያውቃል። ከደራሲ ከዚህ የበለጠ ሐቀኝነት አንጠይቅም።

ይሁን እንጂ በመዝገቡ መጨረሻ ያለ፣ በልብ ወለዱ መጨረሻ ግን የሌለ አንድ ነገር አለ። ሐምፐሎች ሞት ከተፈረደባቸው በኋላ የምሕረት ማመልከቻ ጽፈዋል፤ ነፍሳቸውንም ለማዳን ሲሉ አንዱ ጥፋቱን በሌላው ላይ አላክኳል። ምሕረቱ አልተሰጣቸውም፤ በአንድ ቀን ሞቱ። በልብ ወለዱ ውስጥ ግን ኦቶ ክቫንገል እስከ መጨረሻው ሳያጎነብስ ይሄዳል። አናም የባሏን መገደል ሳታውቅ፣ እሱን እየጠበቀች፣ ወኅኒ ቤቱ በአውሮፕላን ሲደበደብ ትሞታለች። ውብ መጨረሻ ነው። አንብበው ያለቀሱ እንዳሉ እናውቃለን። እኛ ግን የምንጠይቀው ይህን ነው፤ ከሁለቱ መጨረሻ ለእኛ የሚጠቅመን የትኛው ነው?

ነገሩ በዚህም አላበቃም። ደራሲው ያጠበውን አሳታሚዎቹ ደግመው አጠቡት። ፋላዳ አናን እንደ እውነተኛይቱ ኤሊዘ በናዚ የሴቶች ማኅበር ውስጥ የሠራች አድርጎ ጽፏት ነበር። ይህ ነገር ከ1947ቱ እትም ተፋቀ። ሙሉው ጽሑፍ በጀርመንኛ የታተመው በ2011 ነው። ለ64 ዓመት ያህል አንባቢ የሚያውቃት አና፣ ከመጀመሪያውም ንጹሕ የነበረች አና ነበረች። ያችኛይቱ አና፣ ማለት ትናንት ከናዚዎች ጋራ ተሰልፋ ዛሬ በነሱ ላይ ካርድ የምትጽፈው አና፣ ከመጽሐፉ ተባረረች። በእኛ ፍርድ ግን ታላቅ የነበረችው ይህችኛይቱ ናት። ከመጀመሪያው ንጹሕ የሆነ ሰው ንጹሕ ሆኖ መቅረቱ ምን ያስደንቃል? የሚያስደንቀው የተሳሳተ ሰው መመለሱ ነው።

ማጠብ ጉዳት አለው ያልነው ለዚህ ነው። አምባገነን የሚኖረው በወታደሩ ብዛት ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው «እኔ ምን አቅም አለኝ? ይህ ለጀግና የተፈጠረ ሥራ ነው» እያለ በየቤቱ በመቀመጡም ነው። እንግዲህ ደራሲ ተነሥቶ፣ እምቢ ያሉት ሰዎች ከመጀመሪያውም ጀግኖች ነበሩ፤ አልፈሩም፤ አልተጠራጠሩም፤ በመጨረሻም አልተንበረከኩም ብሎ ሲጽፍ፣ በቤቱ ለተቀመጠው ሰው ሰበብ ይሰጠዋል። አንባቢው መጽሐፉን ዘግቶ «እንዴት ያሉ ሰዎች ነበሩ!» ይላል፤ ተመልሶም ይተኛል። ኦቶና ኤሊዘ እንደ እኛ የሚፈሩ፣ እንደ እኛ ትናንት የተሳሳቱ፣ ገመዱ ሲጠብቅም እንደ እኛ ነፍሳቸው የጨነቃቸው ሰዎች እንደ ነበሩ፣ ያም ሆኖ ሁለት ዓመት ሙሉ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ እንደ ኖሩ ሲነገረው ግን ሰበብ ያጣል።

በአገራችን የዚህ ዓይነት ነገር ሲነሣ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» የሚል አነጋገር አለ። ሽማግሌዎቻችን በዚህ ቃል የሟችን ገመና ይሸፍናሉ፤ መልካም ልማድ ነው፤ እናከብረዋለን። ዳሩ ግን የሟችን ድካም መናገር ሁልጊዜ መውቀስ ነውን? የገድል መጻሕፍታችን እንኳ በቦታቸው የራሳቸው ሥራ አላቸው፤ ለጸሎትና ለምሳሌነት የተጻፉ ናቸውና። «ገድል» የሚለውም ቃል ራሱ ትግል ማለት ነው። ትግል ደግሞ የሚወድቅና የሚነሣ ሰው ይፈልጋል። ልብ ወለድ ጸሐፊ የገድልን ቋንቋ ተውሶ ትግሉን ሲተወው፣ ገድልም አይሆንለት፤ ልብ ወለድም አይሆንለት።

ሁለተኛው ምሳሌያችን ከዶሚኒካን ሪፑብሊክ ነው። ራፋኤል ትሩሒዮ ይህችን የካሪቢያን አገር ከ1930 እስከ 1961 ረግጦ ገዝቷል። ፓትሪያ፣ ሚኔርቫና ማሪያ ቴሬሳ ሚራባል የሚባሉ ሦስት እኅትማማቾች «የሰኔ 14 ንቅናቄ» በተባለው የምስጢር ትግል ውስጥ ገቡ። ኖቬምበር 25 ቀን 1960 የታሰሩትን ባሎቻቸውን ጠይቀው ሲመለሱ፣ የትሩሒዮ ሰዎች መንገድ ላይ ጠብቀው ከሾፌራቸው ከሩፊኖ ዴ ላ ክሩዝ ጋራ ገደሏቸው፤ የመኪና አደጋ እንዲመስልም መኪናቸውን ገደል ሰደዱት። ትሩሒዮም ከስድስት ወር በኋላ ተገደለ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1999 ያን ዕለት በሴቶች ላይ የሚደርሰው ጥቃት እንዲወገድ የሚታሰብበት ዓለም አቀፍ ቀን ብሎ ወስኖታል።

ሁሊያ አልቫሬዝ የምትባለው ደራሲት ቤተሰቧ ከዚያ አገር በ1960 ሸሽቶ አሜሪካ የገባ ነው፤ አባቷ በትሩሒዮ ላይ ከዶለቱት ሰዎች ጋራ ነበረበትና። በ1994 «በቢራቢሮዎቹ ዘመን» የሚለውን ልብ ወለዷን አሳተመች። «ቢራቢሮዎቹ» እኅትማማቾቹ በትግሉ ውስጥ የተጠሩበት ስም ነው። አልቫሬዝ በመጽሐፏ መጨረሻ የጻፈችው ሐሳብ ከእኛ ሐሳብ ጋራ አንድ ነው። እኅትማማቾቹን ወደ አማልክት ደረጃ ከፍ ማድረግ ሰውነታቸውን እንደሚያጠፋ፣ እንዲያውም ትሩሒዮን አምላክ ያደረገው ያው ልማድ እንደ ሆነ ታስጠነቅቃለች። ስለዚህ ማሪያ ቴሬሳን ስለ ልብስና ስለ ጫማ በዕለት መዝገቧ ላይ የምትጽፍ ልጅ አደረገቻት። ፓትሪያን ስለ ልጇ የምትፈራ፣ ሃይማኖቷ የተናወጠባት እናት አደረገቻት።

ከሁሉም የሚበልጥብን ግን የአራተኛይቱ እኅት የዴዴ ነገር ነው። ዴዴ ወደ ትግሉ አልገባችም፤ ስለዚህም ከሞት ተረፈች። የሟቾቹን ልጆች ያሳደገች፣ ታሪካቸውን እስከ ሞተችበት እስከ 2014 ድረስ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ስትናገር የኖረች እሷ ናት። አልቫሬዝ የልብ ወለዷን በር የከፈተችው በጀግኖቹ አይደለም፤ በዚህች በተረፈች ሴት ነው። ባሏን ስለ ፈራች፣ ራሷንም ስለ ፈራች የቀረች ሴት! አንባቢ ሦስቱን እኅትማማቾች የሚያየው በፈራች እኅት ዓይን ነው፤ ስለዚህም ራሱን ከታሪኩ ውስጥ ያገኘዋል። እኛ የደራሲ ጥበብ የምንለው ይህን ነው።

ደራሲቱም ቢሆን የአፈ ታሪክ ፈተና አልቀረላትም። ሚኔርቫ በአንድ የዳንስ ግብዣ ላይ ትሩሒዮን በጥፊ መታችው የሚል ወሬ በሕዝቡ አፍ ኖሯል፤ በመጽሐፉም ውስጥ ጥፊው ገብቷል። የታወቀው ታሪክ፣ በ1949 ቤተሰቡ ከትሩሒዮ ግብዣ ሳይሰናበት መውጣቱና አባትየው መታሰሩ ነው። እኛ ጥፊው ባይኖር እንመርጥ ነበር። አምባገነኑ ግብዣ ላይ ሳለ ተነሥቶ መውጣት ብቻ ሰውን የሚያሳስር ወንጀል በሆነበት አገር፣ ተነሥቶ መውጣቱ ይበቃል። ጥፊ ሲጨመርበት የመንግሥቱ አስከፊነት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

በዚያው በትሩሒዮ ዘመን ላይ የፔሩ ደራሲ ማሪዮ ቫርጋስ ዮሳ በ2000 «የፍየሉ ድግስ» የሚለውን ልብ ወለድ አሳተመ። እሱ የመረጠው ትሩሒዮን በሜይ 30 ቀን 1961 በመንገድ ላይ አድፍጠው የገደሉትን ሰዎች ነው፤ የብዙዎቹንም እውነተኛ ስማቸውን እንዳለ አስቀምጧል። እነዚህ ሰዎች ከውጭ የመጡ አልነበሩም፤ ትሩሒዮን ያገለገሉ፣ ከእጁም የበሉ ነበሩ። የጦር ኃይሉ አለቃ ጄኔራል ሮማን በሴራው ገብቶ ሳለ፣ ትሩሒዮ ከሞተ በኋላ ሥልጣኑን ለመያዝ በተቀጠረው ሰዓት አልተንቀሳቀሰም፤ በዚህም ብዙዎቹ ተይዘው አለቁ። ደራሲው የዚህን ሰው ድንዛዜ ሰዓት በሰዓት እየተከተለ ይገልጸዋል። ሠላሳ ዓመት የለመደ ፍርሃት፣ የሚፈራው ሰው ሬሳ ከሆነም በኋላ እንደሚያዝ ይህን ያህል ያስረዳን የታሪክ መጽሐፍ አላነበብንም።

«ይህ ሁሉ የባዕድ አገር ወሬ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። የእኛም አገር ባዶ አይደለም። በዓሉ ግርማ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ትልቅ ባለ ሥልጣን ሳለ፣ በ1974 ዓ. ም. አሥመራ ላይ የተደረገውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ይዞ «ኦሮማይ»ን ጻፈ፤ በ1975 ዓ. ም. ታተመ። ተራኪው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም የዘመቻው ፕሮፓጋንዳ ሠራተኛ ነው እንጂ በመንግሥቱ ላይ የተነሣ ሰው አይደለም። ልብ ወለድ መሆኑ ግን ማንንም አላታለለም። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ. ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ልብ ወለድ ተረት ብቻ ነው የሚል ሁሉ ይህን ያስብ። አምባገነኖች ራሳቸው እንዲህ አላሰቡም።

መዓዛ መንግሥቴ ደግሞ ገና ሕፃን ሳለች ከአገር የወጣች ናት። በ2010 በእንግሊዝኛ ያሳተመችው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ አዲስ አበባን በአብዮቱና ከዚያ በኋላ በመጣው ሽብር ዘመን ያሳያል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ዳዊት የሚባል ወጣት ወደ ትግሉ ይገባል። እኛን የያዘን ግን አባቱ ሐኪሙ ኃይሉ ነው። በግርፋት ያለቀችን አንዲት ልጅ ወታደሮች ሆስፒታል አምጥተው፣ ለሌላ ግርፋት እንድትበቃ አድናት ይሉታል። እሱም መርዝ ሰጥቶ ያሳርፋታል። ጀግንነት ነውን? ኃጢአት ነውን? ሐኪሙ ራሱ አያውቅም። ደራሲቱም ፈርዳ አትነግረንም። እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ ለሐውልት አይመችም፤ ለሕሊና ግን ይመቻል።

አሁን በሐሳባችን ላይ ሊነሣ የሚችለውን ዋነኛ ተቃውሞ እንጋፈጠው። «የታጋዮችን ድካም መጻፍ የአምባገነኑን ዓቃቤ ሕግ ሥራ መሥራት ነው፤ እሱም ሲፈርድባቸው ፈሪዎች፣ ሴረኞች፣ ወላዋዮች ብሏቸዋልና» ይባላል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ሐምፐሎች አንዱ በሌላው ላይ ማላከካቸውንም የምናውቀው ያሰሯቸው ሰዎች ካቆዩት ወረቀት ነው። ሆኖም ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ዓቃቤ ሕግ ድካማቸውን የሚጽፈው ሥራቸውን ለመሰረዝ ነው፤ ደራሲ ግን ድካማቸውንና ሥራቸውን በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ያኖራል። በቢላዋው ጥላ ሥር የተጻፈች ማመልከቻ ከ200 በላይ ካርዶችን አትሰርዝም። ይህን የማያሳይ ደራሲ በእርግጥ ከዓቃቤ ሕጉ አይሻልም። ድካሙን ጨርሶ የሚደብቅ ደራሲ ደግሞ መሣሪያውን ለዓቃቤ ሕጉ ትቶለት ይሄዳል። አንድ ቀን መዝገቡ ሲከፈት «አያችሁ፣ ጀግኖቻችሁ ይህ ነበሩ!» የሚል ይመጣልና። እውነቱን አስቀድሞ የነገረን ወዳጅ ቢሆን ኖሮ ያ ቀን ባላስደነገጠን።

ይህ ነገር ለእኛ የመጻሕፍት ክርክር ብቻ አይደለም። በየቤታችን ከ1966 ዓ. ም. ወዲህ ያለው ዘመን ያለፈባቸው ሰዎች አሉ፤ የታሰሩ፣ ያሰሩ፣ ወረቀት የበተኑ፣ ወረቀት ያገኙና ያስረከቡ። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሙታን ነጭ፣ የሌላውን ሙታን ጥቁር አልብሶ ቀብሯል። ልጆቻቸው የሆንን እኛም አንዱን ልብስ ወርሰን እንከራከራለን። ስለዚያ ዘመን ወደ ፊት የሚጻፉት ልብ ወለዶች ይህን ልብስ እያጠቡ የሚያለብሱ ከሆነ፣ ክርክሩን ለልጅ ልጆቻችን እናወርሰዋለን እንጂ አንገላገለውም።

ስለዚህ ብዕር ለሚያነሡ ወንድሞችና እኅቶች ሦስት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፣ ስምም ቦታም ጊዜም ለውጡ፤ ነገር ግን እንደ ፋላዳና እንደ አልቫሬዝ፣ ከእውነተኛ ታሪክ ተነሥታችሁ እንደ ፈጠራችሁ ለአንባቢ ንገሩት። ሁለተኛ፣ ፍርሃትን ከጀግናችሁ አትውሰዱበት፤ ፍርሃቱን ስትወስዱበት ድፍረቱንም ትወስዱበታላችሁ። ሦስተኛ፣ ያልታገለውን ሰው፣ ካርዱን አግኝቶ ለፖሊስ ያስረከበውንም ሰው፣ ሰው አድርጋችሁ ጻፉት፤ ያለ እሱ አምባገነንነት እንዴት እንደ ቆመ ማንም ሊረዳ አይችልም።

ለአንባቢዎችም አንድ ቃል አለን። ልብ ወለዱን ስታነቡ ታሪኩንም ፈልጉ። ዴዴ ሚራባል በ2009 የራሷን ማስታወሻ አሳትማለች፤ በስሟ ልብ ወለድ ተጽፎ ሳለ የራሷን ቃል መናገር እንዳለባት ዐውቃለች። የእኛ እናቶችና አባቶች ግን አብዛኞቹ ማስታወሻ አይጽፉም። ታዲያ የዕረፍት ጊዜያችን ሲደርስ ወደየቤታችን ስንሄድ እንጠይቃቸው። ስንጠይቃቸውም «ምን ጀግንነት ሠራችሁ?» አንበላቸው፤ ለዚህ ጥያቄ መልሱ ወይ ዝምታ ወይ ፉከራ ነው። «ያን ጊዜ ምን ፈራችሁ?» እንበላቸው። የሰማነውንም እንጻፈው፤ የዚህ ጋዜጣ ገጾች ለተማሪው ሁሉ ክፍት ናቸው።